ስለ ወርቅ ዓሣና ስለ ጠላቶቹ

ከአዲስ አበባ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለው ቤቴ፥ በግቢዬ መካከል በሲሚንቶ ያሠራኋት አንዲት ትንሽ ኩሬ አለች። ርዝመቷ አራት ሜትር ሲሆን ጥልቀቷ በዚያን ጊዜ ከጕልበት አያልፍም ነበር። ዳሯንም እንደ ደረጃ ዝቅ ዝቅ እያለ ወደ ውሃው እንዲወርድ ያስደረግሁት እኔው ራሴ ነኝ። ግንበኛው ቀጥ ያለ ግድግዳ ይሻላል ቢለኝ፥ ሕፃናት ሲመጡ ተቀምጠው እግራቸውን የሚነክሩበት ይሁን ብዬ እንቢ አልሁት። በውስጧም ሃያ ሦስት የወርቅ ዓሦች አኖርሁ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ ኩሬዬ ለማውራት ወድጄ ሳይሆን ኋላ የሚመጣው ነገር በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

ማለዳ ማለዳ ወደ ኩሬው ወርጄ ባዶ ቆርቆሮ በጣቴ መታ መታ አደርግና ፍርፋሪ እጥልላቸው ነበር። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ድምፁን ለመዱት። በኋላም ቆርቆሮው ቀርቶ ጥላዬ በውሃው ላይ ሲያርፍ ብቻ እየተሽቀዳደሙ ከዳር ይደርሱ፥ አፋቸውንም ከፍተው ከእጄ ይበሉ ጀመር። እንግዳ በመጣ ቍጥር ይህን ሳላሳይ አላሰናብትም። ፍጡር ፈርቶ የሚሸሸውን ሰው እንዲህ መውደዱ የደግነቴ ምስክር ይመስለኝ ስለ ነበረ፥ በልቤ እኮራ ነበር።

በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም እንደ ገባ ዓሦቹ መጕደል ጀመሩ። አንድ ቀን ሁለት፥ ሌላ ቀን ሦስት ይጠፋሉ። ደም የለ፤ ቅርፊት የለ፤ ተበልቶ የተጣለ ራስ የለ። የቀሩትም ለብዙ ቀን ከሥር ተደብቀው ቆርቆሮውን ብመታ አይወጡም። ድመት ብትሆን ኖሮ ከምትበላው ጥቂት ትታ በሄደች ነበር፤ እንዲህ አጥርቶ የሚወስድ ሰው ብቻ ነው ብዬ በልቤ ፈረድሁ።

ግቢውን ሌሊት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ የጣና ዳር ሰው ናቸው። ጠርቼ ብጠይቃቸው ኩሬውን ዞር ዞር ብለው አይተው፥ «ጌታዬ፥ ይህ የውሃ ወፍ ሥራ ነው። በእኛ አገር እንዲህ አድርጎ የሚወስድ እርሱ ነው፤ ሲነጋጋ ይመጣል» አሉኝ። እኔ ግን፥ በዚህ ቤት በቤት ላይ በተደራረበበት ሰፈር ምን የውሃ ወፍ አለ ብዬ ቃላቸውን እንደ ማመካኛ ቈጠርሁት። ዓሦቹን ለሚያሳድጉ ሰዎች የሸጧቸው መሰለኝ። ይህንንም ለጎረቤቴ ባጫውተው፥ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብሎ አጸናልኝ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፥ በቤት ውስጥም ካቻምና የጠፋ ማንኪያ፥ ከአጥር ላይ የተወሰደ ፎጣ ሁሉ ትዝ እያለ በእርሳቸው ላይ ተቈጠረ። የወሩን ደመወዝ ሰጥቼ አሰናበትኋቸው። አልተከራከሩኝም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ይዘው፥ በበሩ ሲወጡ ዘወር ብለው አንድ ጊዜ ኩሬውን አዩ።

በዘጠነኛው ቀን እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ገና ሊነጋ ሲል ተነሣሁና በመስኮት ወደ ግቢ ተመለከትሁ። ባሠራሁት ደረጃ ላይ፥ ውሃው ከቍርጭምጭሚቱ በማያልፍበት ስፍራ፥ ሳቢሳ የሚሉት አንገተ ረጅም ግራጫ ወፍ ቆሞአል። ቁመቱ እንደ አንድ ትንሽ ልጅ ነው። አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብሎአል። እኔም ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ፀሓይ ብቅ ስትል የወፉ ጥላ በውሃው ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ከዓሦቹ አንዱ ከሥር ተነሥቶ፥ እየተወዛወዘ፥ ወደ ጥላው መጣ። ወፉ መራመድ እንኳ አላስፈለገውም። አንገቱ እንደ ቀስት ተወርውሮ ተመለሰ፤ በጕሮሮው ላይ አንድ እብጠት ወደ ታች ሲወርድ ታየኝ፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ውሃው ያለ ደም፥ ያለ ቅርፊት እንደ ነበረ ሆኖ ረጋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ዓሣና ስለሚያድኑት ፍጥረቶች ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የወርቅ ዓሣ አገሩ ቻይና ነው። አያቱ ከካርፕ ወገን የሆነ፥ በረግረግና በቀስታ በሚሄድ ወንዝ የሚኖር፥ መልኩ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት ተራ ዓሣ ነው። ከላይ ቢያዩት ጭቃ ይመስላል፤ ጭቃ መምሰሉም ሕይወቱ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከእነዚህ መካከል ጥቍሩ ቀለም ጐድሎት ቀይ ወይም ወርቃማ ሆኖ የሚታይ ይገኛል። እንዲህ ያለው በወንዝ ውስጥ ዕድሜ የለውም። በጭቃ ላይ እንደ ፍም የሚያበራውን ዓሣ ሳቢሳ ከሩቅ ያየዋል፤ ስለዚህ ልጅ ሳይተካ ያልፋል። ዛሬም ቢሆን የወርቅ ዓሣ ጫጩት ከእንቍላሉ ሲወጣ ወርቅ አይደለም፤ እንደ አያቱ ጭቃማ መልክ ይዞ ይወለድና ከወራት በኋላ ነው ቀለሙን የሚለውጠው። ሰዎች በየወንዙና በየሐይቁ የለቀቋቸውም ዓሦች፥ አዳኝ ባለበት ውሃ ትውልድ ሲፈራረቅ ወርቃማዎቹ እየተለቀሙ ጭቃማዎቹ እየበዙ ይሄዳሉ። እንግዲህ ወርቁ የዓሣው ገንዘብ አይደለም፤ ጠባቂ እስካለ ድረስ የተሰጠው የብድር ልብስ ነው።

የመጀመሪያውን ጥበቃ የሰጠው ምን እንደ ነበረ ማወቅ ደስ ያሰኛል። በቡድሃ እምነት ለመታረድ የተያዘን ፍጡር ገዝቶ ነጻ መልቀቅ እንደ ትልቅ ጽድቅ ይቈጠራል። ለዚሁም ሥራ ማንም መረብ የማይጥልባቸው የምሕረት ኩሬዎች ነበሩ። በ759 ዓ.ም. ከታንግ ነገሥታት አንዱ የሆነው ሱዞንግ በግዛቱ ውስጥ በ81 ስፍራ እንዲህ ያሉ ኩሬዎች እንዲደረጉ አዘዘ። ሰዎችም መልኩ ለየት ያለ ዓሣ ባገኙ ጊዜ ብርቅ ነው ብለው ወደዚያ ይለቁት ነበር። በዚህ ዓይነት በሌላ ውሃ ጥፋቱ የነበረው ቀለም እዚህ መዳኛው ሆነ። ነገር ግን የንጉሥ ሕግ የሰውን መረብ ይከለክላል እንጂ ከሰማይ የሚወርደውን ወፍ አይከለክልም። በምሕረት ኩሬ የሚኖር ዓሣ ጥንቃቄውን ገና አልጣለም ነበር።

ይህን የምለው ከመገመት አይደለም። ሱ ሺ የተባለው ታላቅ የቻይና ባለቅኔ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በሃንግጆ ከተማ ሹም ሆኖ ሲኖር የተወው አንድ አጭር ማስታወሻ አለ። ከእርሱ አርባ ዓመት ያህል በፊት ሱ ሹንቺን የሚባል ሌላ ባለቅኔ በከተማይቱ ዳር፥ በስድስቱ ስምምነት ግንብ፥ ከድልድይ ላይ ሆኖ ወርቃማውን ዓሣ ለማየት ቀኑን ሙሉ መጠበቁን ጽፎ ነበር። ሱ ሺ ይህን በወጣትነቱ አንብቦ ትርጕሙ አልገባውም። በኋላ ወደዚያ በተሾመ ጊዜ በእውነት በገዳሙ ኩሬ ወርቃማ ዓሦች መኖራቸውን አወቀ። ሄዶም ቂጣ ቢጥልላቸው ብቅ ብለው ሳይበሉ ወደ ጥልቁ ተመለሱ። ባለቅኔው በዚህ ተደነቀ፤ የዚያ የፊተኛው ሰው ዓሦች እነዚሁ መሆናቸውን አስቦ፥ ለመውጣት የሚዘገዩ፥ ለመመለስ የሚፈጥኑ፥ ያገኙትን ሁሉ የማይጐርሱ ባይሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ዕድሜ ባላገኙ ነበር የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ሱ ሺ በቤተ መንግሥት ጠብ ምክንያት ታስሮና ተግዞ የነበረ ሰው ስለ ሆነ፥ ስለ ዓሣ ብቻ የጻፈ አይመስለኝም። እኔን ግን የነካኝ ስለ ዓሣው የተናገረው ነው። እርሱ ቂጣ ጥሎ ያልመጡለትን ሲያመሰግን፥ እኔ ፍርፋሪ እየጣልሁ መምጣትን ሳስተምር ነበርሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከገዳም ወደ ቤተ መንግሥት ተሻገረ። በ1127 ዓ.ም. ከሰሜን የመጡ ጠላቶች የሶንግ መንግሥትን ዋና ከተማ ያዙ፤ ጋኦዞንግ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት ወደ ደቡብ ሸሽቶ በሃንግጆ ተቀመጠ። በ1162 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ከለቀቀ በኋላ በሚኖርበት በዴሾ ቤተ መንግሥት ኩሬ አስቈፍሮ ወርቃማ ዓሦች ሰበሰበ። ከአዳኝ የሸሸ ንጉሥ አዳኝ የማይደርስባቸውን ፍጥረቶች ሲመለከት ማምሸቱ ለእኔ በጣም የሚገባኝ ነገር ነው። መኳንንቱም የንጉሣቸውን አርአያ ተከተሉ። የዓሣ አሳዳጊነት ሙያ በዚያ ዘመን ተጀመረ።

በሚንግ ነገሥታት ዘመን ደግሞ ዓሣው ከኩሬ ወጥቶ ወደ ሸክላ ጋን ገባ። ጃንግ ቺያንደ የተባለ ሰው በ1596 ዓ.ም. ስለዚህ ዓሣ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። የዓሣውን የቤት እንስሳነት ታሪክ መርምሮ በ1956 ዓ.ም. ያሳተመው ቻይናዊ የዘር ሊቅ ቼን ሺሳንም ይህን ከኩሬ ወደ ጋን መግባት እንደ ትልቅ መለያ ይቈጥረዋል። በጋን ውስጥ ሳቢሳ የለ፤ እባብ የለ፤ መሮጥና መደበቅ የለ። ስለዚህ በኩሬ ውስጥ አንድ ቀን የማያድሩ ፍጥረቶች መኖር ቻሉ፤ ጅራቱ ተከፍሎ እንደ ቀሚስ የሚጐተት፥ የጀርባ ክንፍ የሌለው፥ ዓይኑ ከራሱ ወጥቶ የተንጠለጠለ። እነዚህ መልከ ብዙ ዓሦች በየሰዉ ቤት ይደነቃሉ። በሜዳ ኩሬ ቢለቀቁ ግን ድመት እንኳ በመዳፏ ታወጣቸዋለች።

ታዲያ በጋን ውስጥ አዳኝ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ያው ጃንግ ቺያንደ ለአሳዳጊው የሚሰጠው ምክር፥ ብዙ አሳድግ፥ የማያምረውን በየቀኑ እየለየህ አውጣ፥ ከመቶ አንዱን ወይም ሁለቱን አስቀር የሚል ነው። እኔ ከኩሬዬ የጠፉትን ቈጥሬ ሳቢሳውን ስረግም፥ በዚህ አንቀጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ከመቶ ዘጠና ስምንት የሚወስድ ሳቢሳ ተሰምቶ አይታወቅም።

ዓሣው በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በ1758 ዓ.ም. የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ በላቲን «በወርቅ የተለበጠ» የሚል ስም አወጣለት። በእንግሊዝ አገር ከወዳጆቹ ሁሉ የታወቀው ሆረስ ዋልፖል ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ዋልፖል ልጅ ነበር። ይህ ሰው በለንደን ቤቱ ከቻይና የመጣ ትልቅ የሸክላ ገንዳ አስቀምጦ ዓሣ ያኖርበት ነበር። ዛራና ሴሊማ የሚባሉ ሁለት ድመቶችም ነበሩት። በ1747 ዓ.ም. ሴሊማ ዓሣ ለመያዝ ከገንዳው አፍ ላይ ስታጐነብስ አዳልጧት ገባችና ሰጥማ ሞተች። ወዳጁ ባለቅኔው ቶማስ ግሬይ የሞተችው የትኛዋ እንደ ሆነች በደብዳቤ ጠይቆ፥ ቀጥሎም ቀልድና ሐዘን የተቀላቀለበት ግጥም ጻፈላት። ዋልፖልም ገንዳውን በምሰሶ ላይ አቁሞ የግጥሙን መጀመሪያ አጻፈበት። አዳኝ በአደን ላይ ሞታ ሐውልት የተደረገላት ከእርስዋ በቀር አላውቅም።

ግሬይ በግጥሙ መጨረሻ ስለሚያብለጨልጭ ነገር ምክር ጨምሮበት ነበርና ሳሙኤል ጆንሰን ይህን አልወደደለትም፤ የሚያብለጨልጨው በእውነት ወርቅ ቢሆን ኖሮ ድመቲቱ ከነጭራሹ ወደ ውሃው ባልገባች ነበር ብሎ ነቀፈው። ፍርዱ ትክክል ነው። ድመት የፈለገችው ሥጋ ነው። ወርቅ የሚያየው የሰው ዓይን ብቻ ነው፤ ሌላው ፍጥረት ሁሉ የሚያየው ምሳውን ነው። ዋልፖል በዚህ ተስፋ አልቈረጠም፤ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ባለው የገጠር ቤቱ ኩሬ አስቈፍሮ በቻይናው ሐይቅ ስም ፖ ያንግ አለው፤ ከዚያም የተራቡትን ዓሦች ለወዳጆቹ ያድል ነበር።

ከውሃው ውስጥ ስላሉት ጠላቶች ባጭሩ ልናገር። በኩሬ ላይ የምትበረው ባለ አራት ክንፍ ተርብ መሰል ነፍሳት፥ ልጆቿ ክንፍ ሳያበቅሉ በውሃ ውስጥ ይኖራሉና የዓሣ ጫጩት ይይዛሉ። የውሃ ጥንዚዛና እንቍራሪትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ግን ወላጁ ነው። እናቲቱ እንቍላሏን በሣር ላይ በትና ወዲያው ዘወር ብላ ትበላዋለች፤ አባትየውም ይረዳታል። የሚተርፈው በሣሩ ውስጥ ተደብቆ የቀረው ብቻ ነው። ስለዚህ አሳዳጊዎች ወላጆቹን ከእንቍላሉ ይለያሉ።

አሁን ወደ ሳቢሳው ልመለስ። ግራጫው ሳቢሳ ከአውሮፓ እስከ እስያ፥ ከግብፅ እስከ አፍሪካ ደቡብ የሚገኝ ወፍ ነው። በሃንግጆ፥ በለንደንና በጣና የሚቆመው ያው አንዱ ወገን ነው። በውሃ መካከል ዘሎ አይገባም፤ ከዳር ወርዶ በእግሩ ይገባል፤ ስለዚህ ዳሩ ቀጥ ያለና ጥልቅ ኩሬ ያስቸግረዋል፤ ደረጃ ያለው ኩሬ ግን እንደ ገበታ ነው። ለምግቡ በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ዓሣ ይበቃዋል። ሙሉውን ስለሚውጥ ምልክት አይተውም። ስቶት ያመለጠው ዓሣ ግን በጀርባው ላይ የመወጋት ቍስል ይገኝበታል። በኩሬዬ ከሥር ተደብቀው ከነበሩት አንዱ እንዲህ ያለ ቍስል ነበረበት፤ አይቼውም ነበር። የዘበኛው እጅ ያቈሰለው መስሎኝ ነበር። ሰው ፍርዱን አስቀድሞ ሲያደርስ ምስክሩ ሁሉ ወደዚያው ይዞራል።

ሰዎች ይህን ወፍ ለማስፈራራት የማያደርጉት የለም። ከፕላስቲክ የተሠራ ሳቢሳ ከኩሬ ዳር የሚያቆሙ አሉ፤ እውነተኛው ግን ባልንጀራውን አይቶ እዚህ ምግብ አለ ብሎ የሚወርድበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝ አገር በ1981 ዓ.ም. የወጣው የዱር አራዊት ሕግ ሳቢሳን እንዳይገድሉት ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ባለ ኩሬው መረብ ከመዘርጋት በቀር ሌላ ፈቃድ የለውም። በዚያው አገር ኦተር የሚሉት በውሃ የሚያድን ፀጉራም አውሬ አለ። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በእርሻ ላይ የሚረጨው መርዝ በዓሣ ሥጋ አልፎ እየደረሰበት ከብዙ ወንዝ ጠፍቶ ነበር። መርዙ ተከለከለ፤ በ1978 ዓ.ም. አውሬው እንዳይታደን ሕግ ወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. በእንግሊዝ አውራጃዎች ሁሉ መመለሱ ተነገረ። ሕዝቡም ደስ አለው። ኦተሩም ከወንዝ ወጥቶ ወደ አትክልት ኩሬዎች ገባና ለብዙ ዓመት ያደጉትን ውድ ዓሦች በላ። ለመመለሱ ያጨበጨበውና በማግሥቱ አጥር የገዛው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አላፌዝም፤ እኔም ብሆን ሁለቱንም አደርግ ነበር።

ካነበብሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው የካርል ፎን ፍሪሽ ሥራ ነው። ይህ የኦስትሪያ ሊቅ በ1923 ዓ.ም. ከአምባዛ ወገን የሆነ አንድ ዓሣ ሲያፏጩለት ለምግብ እንዲመጣ ማስተማር እንደሚቻል ጻፈ። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ፤ ከካርፕ ወገን የሆነ ትንሽ ዓሣ ቈዳው ሲቈስል አንድ ነገር ወደ ውሃው ይወጣል፤ ይህ ሽታ የደረሳቸው ባልንጀሮቹ ሁሉ ደንግጠው ይሸሻሉ። የወርቅ ዓሣም የዚሁ ወገን ነው። በሃያ ሦስቱ ዓሦቼ መካከል እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ሲከራከሩ ነበር ማለት ነው። ውሃው ሽሹ ይላቸዋል፤ የእኔ ቆርቆሮ ኑ ይላቸዋል። ቀናት አልፎ ሽታው ሲጠፋ የእኔ ትምህርት ያሸንፋል፤ ሳቢሳውም ይህን የሚያውቅ ይመስል ቀን እየዘለለ ይመጣ ነበር።

ሌላም አለ። በ1992 ዓ.ም. ክሪስተር ብሮንማርክና ጄፍሪ ማይነር የተባሉ ሊቃውንት በስዊድን ኩሬዎች የወርቅ ዓሣን የቅርብ ዘመድ መርምረው፥ ፓይክ የሚባል ነጣቂ ዓሣ ባለበት ኩሬ የሚያድገው ሰውነቱ ከሆዱ እስከ ጀርባው ከፍ እያለ ለነጣቂው አፍ የማይገባ እንደሚሆን አሳዩ። ነጣቂ በሌለበት ኩሬ ያደገው ግን ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ዘሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጠላት ማየቱና አለማየቱ ነው።

የሆነ ሆኖ እኔ በበኩሌ የሠራሁት ይህ ነው። ያንኑ ግንበኛ ጠርቼ ደረጃውን አፈረስሁ፤ ዳሩን ቀጥ አድርጎ ገነባው፤ ሥሩን ከወገብ በላይ አስቈፈርሁ። ከአንድ ወገን ዓሦቹ የሚገቡበት የድንጋይ ዋሻ ተሠራ፤ በላዩም ሣር ተከልሁ። ከሃያ ሦስቱ የተረፉት ሰባት ነበሩ። ቆርቆሮውን ጣልሁት።

ሽማግሌውን ማግኘት ግን ኩሬ እንደ ማስቈፈር አልቀለለኝም። ሦስት ሳምንት ከጠየቅሁ በኋላ በሌላ ሰፈር አንድ ሕንፃ ሲሠራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ይቅርታም ጠየቅሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «ስንት ቀሩ?» አሉ።

«ሰባት» አልሁ።

«ደረጃውስ?»

«አፍርሼዋለሁ።»

«ደግ አደረጉ» አሉና ስለ ሥራው ሌላ አልጨመሩም። ወደ ቤቴ ተመልሰው እንዲገቡ ብለምናቸው እንቢ አሉ፤ ባሉበት ደመወዙ እንደማይበልጥ አውቃለሁ። ስሜን በሌላ በር እንዲያነሡልኝ አልፈልግም ብዬ ሳይሆን፥ እንዲያው ቡና እንድንጠጣ እንዲመጡ ስለምን ግን እሺ አሉ።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው እሑድ መጡ። ወንበር አውጥቼ ከኩሬው ዳር ተቀመጥን፤ ቡና ቀረበ። ውሃው ጠቍሮ ጸጥ ብሎ ነበር፤ አንድም ዓሣ አይታይም። እኔ የቀድሞው ልማዴ ይዞኝ፥ ሳላስበው የሲኒ ማስቀመጫውን በጣቴ መታ ለማድረግ እጄን ዘረጋሁ። እርሳቸው እጃቸውን ቀስ ብለው በእጄ ላይ ጣሉና፥ «ይተዉአቸው፤ ከሥር ይሁኑ» አሉኝ።

እጄን መለስሁ። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ ተቀምጠን ውሃውን ስናይ አንድም አልወጣም።